ከጆሮ ሥር ያለ እብጠት ሁሉ ጆሮ ደግፍ አይደለም

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚህ ልመልስ። ልጅ ከጆሮው ሥር ሲያብጥ «ጆሮ ደግፍ ነው፣ ይለቀዋል» እንላለን። ብዙ ጊዜም ነው፤ ያማል፣ ያተኩሳል፣ በ10 ቀን ገደማ ይጎድላል።

የሚያስጨንቀኝ የማያመው ነው፦ ጠጠር ያለ፣ ሳምንታት አልፈውት የማይጎድል። ከጆሮ ሥር ባለው የምራቅ ዕጢ ላይ የሚወጣ ዕባጭ በልጆች ላይ ብርቅ ነው፤ ጠጣር ሆኖ ሲገኝ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂዎች ይበልጣል። ፊት ከተጣመመማ አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ምርመራው ጨረር በሌለው አልትራሳውንድ ይጀምራል። እንደ ሁኔታው ኤምአርአይና በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ይከተላሉ። በጨቅላ ሕፃናት ብዙ ጊዜ የደም ሥር ዕባጭ ስለሚሆን መርፌም ላያስፈልግ ይችላል።

እባካችሁ፣ ሳይመረመር አታስበጡት፤ የፊት ነርቭ በዚያው ዕጢ መሃል ያልፋል።

ጥያቄ ያላችሁ የልጁን ዕድሜና እብጠቱ የቆየበትን ጊዜ ጻፉልኝ።