አመድ የገባበት ሲሚንቶ
ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ የመጋዘን ሥራ ያለው ጥቅምና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

አመድ በአገራችን አነጋገር የከንቱ ነገር ምሳሌ ነው። ስለዚህም በሲሚንቶው ውስጥ አመድ አለበት የተባለ እንደ ሆነ፥ ገዢው የተታለለ ይመስለዋል። በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥና የጥጥ መጋዘን ለሚያሠራ ነጋዴ ይህ ጥርጣሬ ቀላል አይደለም። የመጋዘኑ ወለል የተሰነጠቀ እንደ ሆነ የክረምቱ እርጥበት ወደ ጆንያው ይዘልቃል፤ ምስጥም መንገድ ያገኛል፤ የዓመት ድካም በአንድ ክረምት ይበላሻል። ነገሩ ግን እንደሚጠረጠረው አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት ጽኑ የአርማታ ሥራዎች አያሌዎቹ አመድ የገባባቸው ናቸው።

ይህ አመድ ከማድቤት ምድጃ የሚጠረገው ዓይነት አይደለም። የድንጋይ ከሰል ተፈጭቶ በኤሌክትሪክ ማመንጫ እቶን ውስጥ ሲነድ፥ ከጢሱ ጋር ወደ ላይ የሚበረው ደቃቅ ትቢያ ወደ ውጭ ሳይወጣ ተይዞ ይሰበሰባል። ስሙም ከዚሁ የተነሣ በእንግሊዝኛ ፍላይ አሽ፥ ይኸውም በራሪ አመድ ተባለ። በአሜሪካ አገር በሞንታና ግዛት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1953 ዓ.ም. የተሠራው የሀንግሪ ሆርስ ግድብ፥ ይህን አመድ በብዛት ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው።

የአመዱ ጥቅም እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ፥ ጠጠሩንና አሸዋውን ከሚያያይዘው ነገር ጋር ኖራም ይፈጠራል። ይህ ኖራ ለብቻው ብዙ ኀይል የለውም፤ ውሃም ቀስ በቀስ ያጥበዋል። በአመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ግን እርጥበት እስካገኘ ድረስ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ሁለተኛ ማያያዣ ይሆናል። ከዚህም በላይ የአመዱ ቅንጣት ድቡልቡል ስለ ሆነ አርማታው በጥቂት ውሃ በቀላሉ ይላወሳል፤ ውሃው ባነሰ መጠንም ጥንካሬው ይጨምራል። ሲሚንቶ ሲጠነክር ከውስጡ የሚያወጣው ሙቀትም ስለሚቀንስ፥ እንደ መተማ ባለ ሐሩር አገር በወፍራም መሠረት ላይ የሚደርሰው ስንጥቅ ይቀልላል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። በ7 ቀን ሲመዘን ከንጹሑ ሲሚንቶ ያንሳል፤ በ28 ቀን ይቀራረባል፤ በ90 ቀን ደግሞ ሊበልጠው ይችላል።

አገራችን ግን የኤሌክትሪክ ኀይልዋን ይበልጡን የምታገኘው ከውሃ ነው። ከመተማ በስተደቡብ፥ በዚያው በጠረፉ ቆላ በጉባ የተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። ከሰል የሚያነድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከሌለ በራሪ አመድም የለም። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ በጭልጋ ሊግናይት የተባለው የከሰል ዓይነት መኖሩ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሰሉ ስላለ ብቻ ለአርማታ የሚሆን አመድ አለ ማለት አይደለም። ሳይነድ የቀረ ከሰል የበዛበት አመድ አርማታውን ይጎዳልና፥ የአሜሪካ የዕቃ መመርመሪያ ደንብ በእሳት ሲፈተን የሚጎድለው ክብደት ከመቶ 6 እንዳይበልጥ ይወስናል።

በበራሪው አመድ ፈንታ ተፈጥሮ ለኢትዮጵያ ሌላ አመድ ሰጥታለች። ይኸውም በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድና ፐሚስ የተባለው ቀላል ድንጋይ ነው። የጥንት ሮማውያን በናፖሊ አጠገብ ከፖዙኦሊ የሚወጣውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ቀላቅለው ይገነቡ ነበርና፥ የዚህ ዓይነት ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ ፖዞላና ይባላል። የአገራችን ፋብሪካዎችም ፖዞላናውን ከሲሚንቶው ጋር ፈጭተው ፒ.ፒ.ሲ. በሚል ስም ለገበያ ያቀርባሉ፤ ያልተቀላቀለው ኦ.ፒ.ሲ. ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ የከሰል ማመንጫዎች እየተዘጉ በመሄዳቸው፥ እንግሊዝም የመጨረሻውን መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በመዝጋቷ፥ ብዙ አገሮች በራሪውን አመድ የሚተካ ነገር በመፈለግ ላይ ናቸው። በፎገራ ከሩዝ መፈልፈያ የሚወጣው ገለፈትም ከ700 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት በጥንቃቄ ቢቃጠል አመዱ ለዚሁ ሥራ ይሆናል፤ ይህም ለጎንደር ነጋዴዎች ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

እንግዲህ ሲሚንቶ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አለበት። ፒ.ፒ.ሲ. ብዙውን ጊዜ 32.5፥ ኦ.ፒ.ሲ. ደግሞ 42.5 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይታተምበታል። ለግንብ፥ ለልስንና ለወለል ፒ.ፒ.ሲ. የሚስማማ ሲሆን፥ ብዙ ሸክም ለሚችል ምሰሶና ቶሎ እንዲጠነክር ለሚፈለግ ሥራ መሐንዲሱ ኦ.ፒ.ሲ. ያዝዛል። ፒ.ፒ.ሲ. ድርሻውን በፋብሪካ የተቀበለ ስለ ሆነ በሥራው ቦታ ሌላ አመድ አይጨመርበትም፤ የምድጃ አመድማ ከቶ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። የመጋዘን ሥራ የሚበዛው በበጋ ነው፤ የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ በመተማ ከ40 ዲግሪ በላይ ታግላለች። አመድ የገባበት አርማታ ውሃ ካጣ ሁለተኛው ውሕደት ይቋረጣል፤ ጥቅሙም ይቀራል። ስለዚህ አርማታው በማለዳ ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ቢሞላ፥ ጠጠሩ በጥላ ቢቀመጥ፥ ከዚያም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ 10 ቀን፥ ቢቻል 14 ቀን ውሃ ቢጠጣ ይበጃል። ለሰሊጥ ነጋዴ አሮጌ ጆንያ አይቸግረውም።

መሠረቱም አይዘነጋ። የቆላው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ የተነጠፈ አርማታ የቱን ያህል ቢጠነክር አብሮ ይንቀሳቀሳል። አፈሩ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ በተመረጠ አፈርና በድንጋይ ተተክቶ ሊጠቀጠቅ ይገባል።

አርማታውን ውሃ ማጠጣቱ የሚጠይቀው ወጪ ከጥቂት ቀን የውሃ ቦቴ ኪራይና ከአንድ ተቆጣጣሪ ደመወዝ ብዙም አይበልጥም። በሲሚንቶው ውስጥ አመድ በመኖሩ የተበሳጨ ባለ መጋዘን ቢኖር፥ ብስጭቱን ትቶ በሦስተኛው ቀን ውሃ ማጠጣቱን ያቆመውን ሠራተኛ ይቆጣጠር። መጋዘን የሚጎዳው ፋብሪካው ከጨመረው አመድ ይልቅ ግንበኛው በነፈገው ውሃ ነውና።