እግር ከመነሣቱ በፊት

ቀኝ ትከሻዎን፣ ዳሌዎንና የቀኝ እግርዎን ጎን ከግድግዳ አጣብቀው ይቁሙና ግራ እግርዎን ለማንሣት ይሞክሩ። እምቢ ይላል። ጉልበት አንሶት አይደለም። አንዱ እግር እንዲነሣ አስቀድሞ የሰውነት ክብደት ወደ ሌላው መዞር አለበት፤ ግድግዳው ደግሞ መዞሪያ ነስቶታል። እኛ ሳናስበው የምናደርገውን ይህን ዝግጅት ነው «ወፌ ቆመች» የሚባልለት ሕፃን ገና የሚማረው።

እግር ማፈራረቁንማ ሲወለድም ይችልበታል። አራስ ልጅ ብብቱ ተይዞ እግሩ ወለል ሲነካ የሚራመድ ይመስላል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ግን ይተወዋል። አንጎል ሲበስል የሚያፍነው ጠባይ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታምኖ ነበር። ኤስተር ቴለንና ባልደረቦቿ ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሕፃናትን ውሃ ውስጥ ሲያቆሟቸው እርምጃቸው በዛ። ለካስ እግራቸው ቶሎ ወፍሮ ለጡንቻቸው ከብዶ ኖሯል!

የጎደለው እንግዲህ የጡንቻ ብርታትና ሚዛን ነው። ሚዛን ደግሞ ዐይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ መገጣጠሚያና ውስጥ እግር የሚልኩትን መልእክት አንጎል ሲያስማማ የሚገኝ ነው። ጀማሪ ቋሚ በዐይኑ አብዝቶ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዴቪድ ሊ እና ኤሪክ አሮንሰን ወለሉ ሳይነቃነቅ ግድግዳው ብቻ የሚንሸራተት ክፍል ሠርተው ሕፃናትን አቆሙበት። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ልጆቹ ተንገዳገዱ፤ የወደቁም ነበሩ።

ማስማማቱ የሚገኘው በልምምድ ነው፤ ልምምዱም ያስደንቃል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን አዶልፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ከባልደረቦቿ ጋር እንዳሳተመችው፣ ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ልጆች ሲጫወቱ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፤ 17 ጊዜ ይወድቃሉ። እያንዳንዱ መውደቅ ለአንጎላቸው ትምህርት ነው። ባለ ጎማውን የሕፃናት መራመጃ (ዎከር) አጥብቄ የምቃወመውም ለዚህ ነው፤ ልጁን ደግፎ ሚዛኑን የመጠበቅ ሥራውን ይነጥቀዋል፣ ደረጃ ላይም ይገለብጠዋል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ከልክላዋለች።

«የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ» ብላ የምትጨነቅ እናት ትረጋጋ። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባደረገው ጥናት ጤነኛ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የጀመሩት ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። 18 ወር ሞልቶት ያልተራመደን፣ አንድ እግሩን የሚጎትትን፣ ወይም ጀምሮ የተወን ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።