በበረዶ አገር ለሚነዳ ፒክ አፕ የኋላ ዲፈረንሻል ስለ መምረጥ

ከአዲስ አበባ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ሐሳቡ የሚያርፈው በጉምሩክና በአውሮፕላን ጭነት ዋጋ ላይ ነው እንጂ፣ ዕቃው ከደረሰ በኋላ በምን ዓይነት መኪና ተጭኖ ከደንበኛው ደጅ እንደሚቀርብ እምብዛም አያስብም። እኔ በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴም እንዲሁ ነበሩ። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዕቃችንን የሚያከፋፍለው ታናሽ ወንድማቸው፣ «ጋሼ፣ ዕቃው በጊዜው ደርሶልኛል፤ መኪናው ግን በበረዶ ተይዞ ሦስት ቀን ሳላደርስ ቀረሁ፤ ሁለት ባለሱቆችም ከሌላ ሰው ገዙ» ብሎ በጻፈላቸው ጊዜ ግን ኪሳራው የእኛም መሆኑ ተገለጠ። አሮጌውን ፒክ አፕ ሸጦ ሌላ ያገለገለ ለመግዛት አስቧልና፣ የኋላው ዲፈረንሻል ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚሻል ጠየቀ። ዋጋው ከጋራ ሒሳባችን የሚወጣ በመሆኑና አለቃዬም ቀድሞ የመለዋወጫ ሱቅ ስለ ነበራቸው፣ ጉዳዩን አጥንቼ መልስ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እኛ በረዶ የምንለው ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ውሃ ረግቶ እንደ መስተዋት የሚሆነውንም ነው። ለመኪና ግን ባዘቶውና መስተዋቱ አንድ አይደሉም። በባዘቶው ውስጥ የሚያድነው ዲፈረንሻል በመስተዋቱ ላይ ሊያጠፋ ይችላል። የምርጫው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የጥርሶች ስብስብ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር በ1820ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንዳወጣው ይነገራል። ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማዎች እኩል ኃይል ያካፍላል። እኩልነቱም ጉዳት አለው፤ አንደኛው ጎማ በበረዶ ላይ ቆሞ ምንም የሚይዘው ካጣ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ያለው ጓደኛውም ከዚያ የበለጠ ኃይል አያገኝምና፣ አንዱ በከንቱ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ያያል። በፒክ አፕ ደግሞ ሞተሩ ከፊት ስለሆነና የኋላው ባዶ ሲሆን ቀላል ስለሆነ ችግሩ ይብሳል። የወንድማቸውን መኪና ያቆመው ይኸው ነበር።

መድኃኒቱ ብዙ ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ዲስኮች ያሉበት ሲሆን፣ ሁለቱ ጎማዎች በጣም እንዳይለያዩ በመጠኑ ይይዛቸዋል። ዲስኮቹ ግን ባገለገሉ ቁጥር ያልቃሉ፤ ያለቁ እንደ ሆነ ገዢው የከፈለበት ነገር ከተራው አይለይም። ዘይቱም ልዩ ማለስለሻ የሚጨመርበት ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ተራ ዘይት ቢሞላበት በሚታጠፍበት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል። ሁለተኛው ቶርሰን ወይም ትሩትራክ በሚባሉት ስሞች የታወቀው በጥርስ ብቻ የሚሠራ ነው። ዲስክ የለውም፣ ማለስለሻም አይሻም፣ ሥራውም ያለ ድንጋጤ ነው። ሆኖም አንደኛው ጎማ ፈጽሞ ከመሬት ቢነሣ የሚያበዛው ኃይል ስለሚያጣ፣ ሾፌሩ ፍሬኑን በቀስታ ነካ ማድረግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሁለቱን ጎማዎች እንደ አንድ ዘንግ የሚያስር መቆለፊያ ነው። ሾፌሩ ሲፈልግ በማብሪያ የሚቆልፈው አለ፤ የአውስትራሊያው ኤ አር ቢ በአየር ግፊት የሚሠራው በዚህ የታወቀ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በፒክ አፖቹ ላይ ጂ 80 በሚል ምልክት የሚያቀርበው ራሱ የሚቆለፍ ነው። የሁለቱ ጎማዎች ፍጥነት ልዩነት በደቂቃ ወደ 100 ዙር ሲደርስ ይቆለፋል፤ መኪናው በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሲሄድ ግን እንዳይቆለፍ የሚከለክል መሣሪያ አለው።

ይህ ክልከላ ስለ ምን እንዳስፈለገ ማስተዋል ይገባል። በተራው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ሲንሸራተት፣ ያልዞረው ጎማ መኪናውን ወደ ጎን እንዳይሄድ ይዞ ያቆየዋል። ሁለቱ ታስረው ባንድነት ሲሽከረከሩ ግን ወደ ጎን የሚይዝ አይገኝም፤ የመኪናው ጀርባም መንገዱ ወዳዘነበለበት ቦይ ይንሸራተታል። ስለዚህ የታሰረ ዲፈረንሻል ከጥልቅ ባዘቶ ለመውጣትና ከቆመበት ለመነሣት መልካም ሲሆን፣ በረጋ በረዶ ላይ በፍጥነት ለሚሄድ ሰው አደገኛ ነው። ሻጮች የመጀመሪያውን ይናገራሉ፤ ሁለተኛውን ሲናገሩ አልሰማሁም።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ደግሞ የሻጭ ቃል አይበቃም። የፊት ጎማዎቹ ታግደው፣ ኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ካረፈ በኋላ፣ ካምቢዮው ከማርሽ ወጥቶ የእጅ ፍሬኑም ተለቆ አንዱ ጎማ በእጅ ይዞር። ሌላው ጎማ በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው፤ በዚያው አቅጣጫ ከዞረ ዲስኮቹ ገና ይሠራሉ። ጂ 80 ግን በዚህ ፈተና እንደ ተራው ስለሚዞር ያሳስታል፤ እርሱን ለማወቅ በኩሩስኮቱ ሳጥን ውስጥ የተለጠፈውን የምልክቶች ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል። በዚያ አገር በመንገድ ላይ ጨው ስለሚረጭ የዲፈረንሻሉ ክዳን በዝገት ተበልቶ ዘይት እንዳያፈስ መመልከትም ይበጃል።

ለወንድማቸው የጻፍነው መልስ እንዲህ ነበር፦ አስቀድሞ አራቱም ጎማዎች የክረምት ጎማዎች ይሁኑ (ክረምት ስል የፈረንጆቹን ማለቴ ነው)፤ የማይዝ ጎማ ላይ የትኛውም ዲፈረንሻል ተአምር አይሠራምና። ቀጥሎ ከኋላው ዘንግ በላይ የአሸዋ ከረጢት ይታሰር፤ ክብደቱም ከሚፈቀደው ጭነት ላይ ይቀነስ። ከቀረቡለት ሦስት መኪናዎች ውስጥ አንዱ ተራ ዲፈረንሻል፣ አንዱ ዲስክ ያለቀበት፣ አንዱ ጂ 80 ነበረ። በእኔ አስተያየት ባለ ጥርሱ ከሁሉ ይሻላል፤ ነገር ግን ከቀረቡት መካከል ስላልነበረና አዲስ ማስገጠሙ ተጨማሪ ወጪ ስለሚያስከትል፣ በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚያድል ሰው ጂ 80 ይበቃል ብለን ወሰንን።

እርሱም ገዛው፤ 27 ኪሎ ያህል የሚመዝኑ አራት ከረጢቶችም አሰረበት። በጥር የጻፈው ደብዳቤ ስለ መኪናው የሚናገረው በሁለት መስመር ብቻ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ስለ ነበረ እንደ ድንጋይ ረግቶ ለማውረድ መዶሻ እንዳስፈለገው ያማርራል። የቀረው ገጽ የበርበሬ ትእዛዝ ነው፤ ከሁለቱ ባለሱቆችም አንደኛው ተመልሷል።