ዊክ፦ ለእናቶችና ለሕጻናት የተመደበው ምግብ ለማን ነው?



በአሜሪካ የሚኖሩ እህቶች ስለ «ዊክ» ደጋግመው ይጠይቁናል። «ብወስድ ግሪን ካርዴ ላይ ችግር ያመጣብኛል?»፣ «እንደ ልመና አይቆጠርብኝም?»፣ «ምግቡስ ሐላል ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ይበዛሉ። መልሱን የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ እርግዝናው ያልፋል፣ ልጁም ያድጋል። መብቱ እያላት ፈርታ ወይም አፍራ የቀረች እናት ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ ጉዳዩን በዝርዝር ማየት ፈለግን።

ዊክ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በየስቴቱ ጤና ቢሮዎች በኩል የሚያስፈጽመው የምግብ ድጋፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኮንግረስ ለሙከራ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1974 በኬንታኪ ስቴት ፓይንቪል በተባለች ከተማ ተከፈተ፤ በ1975 ደግሞ ቋሚ ሆነ። ዛሬ በየወሩ ከ6 ሚሊዮን በላይ እናቶችና ሕጻናት ይጠቀሙበታል። ከፉድ ስታምፕ የተለየ ነው። ፉድ ስታምፕ ለመላው ቤተሰብ ሲሆን፣ ዊክ ግን ለነፍሰ ጡር፣ ከወለደች 6 ወር ላልሞላት እናት፣ ለምታጠባ እናት ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው፣ እንዲሁም 5 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ብቻ ነው። አባት፣ አያት ወይም አሳዳጊም ስለ ልጁ ማመልከት ይችላሉ። ብዙ አባቶች «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው ይተዉታል፤ ልጁን ይዞ መሄድ ግን ለእነርሱም ይቻላል።

የገቢው ጣሪያ የፌዴራል መንግሥቱ ካወጣው የድህነት መለኪያ 185 በመቶ ነው። ከጁላይ 2025 እስከ ጁን 2026 ባለው ሠንጠረዥ መሠረት ለአራት ሰው ቤተሰብ ግብር ሳይቀነስ በዓመት 59,478 ዶላር ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ነፍሰ ጡር ሴት በቤተሰብ ቁጥር ውስጥ ከጽንሷ ጋር ትቆጠራለች፤ ባልና ሚስት አንድ ልጅ ኖሯቸው ሌላ ከተረገዘ አራት ናቸው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የግል ሥራ ለሚሠራ ሰው የሚታየው ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ገቢ ነው። ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወንድሞች ከኩባንያው የሚመጣውን ጠቅላላ ድምር አይተው «እኛ አናልፍም» ይላሉ። ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው ሲቀነስ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በተጨማሪም ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ የምታገኝ እናት የገቢውን መስፈርት እንዳሟላች ይቆጠራል።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃት እንምጣ። «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው የኢሚግሬሽን ሕግ ለግሪን ካርድ የሚያመለክት ሰው የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ የሚለውን የሚመዝን ነው። የ1999ኙ መመሪያም፣ ብዙ ያስደነገጠው የ2019ኙ ደንብም፣ የ2022ቱ ደንብም ዊክን በዚህ ሚዛን ውስጥ አላስገቡትም። ሆኖም በ2019 ዊክ በደንቡ ውስጥ ሳይኖር ብዙ ስደተኛ ቤተሰቦች በወሬ ብቻ ተዉት። ልጆቻቸው ያጡትን ወተትና እንቁላል ማንም አልመለሰላቸውም። የዊክ የፌዴራል ሕግ ዜግነትን መስፈርት አያደርግም፤ የአመልካቾች መረጃም በምስጢር እንዲያዝ ደንቡ ያዛል። የኢሚግሬሽን ደንቦች በየጊዜው ስለሚከለሱ ጉዳዩ የተወሳሰበበት ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ። የቴሌግራም ግሩፕ ግን ጠበቃ አይደለም።

ልመና ነው ወይ የሚለውስ? ዊክ ዘካ ወይም ሰደቃ አይደለም፤ ከሕዝብ ግብር ተመድቦ በሕግ መስፈርቱን ላሟላ የሚሰጥ ነው። እናንተም፣ ባሎቻችሁም ከደመወዛችሁ የምትከፍሉበት ነው። በኢስላም ታሪክ ለሕጻናት ከመንግሥት ግምጃ ቤት ድርሻ መስጠት እንግዳ ነገር አይደለም። ኢብኑ ሰዕድ በጦበቃታቸው እንደዘገቡት፣ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከበይተል ማል ለሕጻናት የሚሰጡት ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር መዲና ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕጻን ለቅሶ ሰሙ። እናቲቱን ደጋግመው ልጇን እንድታባብል ነገሯት፤ ለቅሶው ግን አልቆመም። በመጨረሻ ማንነታቸውን ሳታውቅ፣ ዑመር የሚሰጠው ጡት ለጣለ ብቻ ስለሆነ ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። በዚያ ፈጅር ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርአታቸው በደንብ አይሰማም ነበር ይባላል። ከዚያም ድርሻው ለሕጻን ሁሉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዙ።

ይህን ዘገባ ያነሳነው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። የድጋፍ አሰጣጥ የእናትን ውሳኔ ይለውጣል፤ በዊክም ላይ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። ብዙ እህቶች ፎርሙላው በነጻ ስለሚሰጥ ገና ከሆስፒታል ሲወጡ ይጠይቃሉ። ልጁ ጡጦ ሲለምድ ጡት መጥባቱ ይቀንሳል፤ ሕጻኑ ባልጠባው መጠን ደግሞ የእናቲቱ ወተት ይቀንሳል። የፎርሙላው መጠን ለማሟያ እንጂ የልጁን ፍላጎት በሙሉ እንዲሸፍን የታሰበ ስላልሆነ፣ ወር ሳይሞላ ያልቅና ቀሪው ከኪስ ይገዛል።

ጡት ብቻ የምታጠባ እናት በዊክ ትልቁን የምግብ ድርሻ የምታገኝ ናት። ድርሻዋም እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ የማታጠባ እናት የራሷ ድርሻ ግን በ6 ወር ያበቃል። በ2024 በወጣው ማሻሻያ ለአትክልትና ፍራፍሬ በወር የሚሰጠው ለልጅ 26፣ ለነፍሰ ጡር 47፣ ለምታጠባ 52 ዶላር ነበር። የጡት ወተት ማለቢያ መሣሪያና ስለ ማጥባት የሚያማክሩ ሴቶችም አሉ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 233ኛ አንቀጽ ማጥባቱን መሙላት ለፈለገ ሁለት ዓመት ሲጠቅስ፣ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ማድረጉን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ወተቷ ያልመጣላት፣ የታመመች ወይም ቶሎ ወደ ሥራ የምትመለስ እህት ፎርሙላ ብትወስድ ነውር የለበትም። ለቢሮው የምታጠባውን ያህል በትክክል ትናገር፤ ድርሻዋን በዚያው ልክ ያስተካክሉታል።

«ለምን አንድ ዓይነት ፎርሙላ ብቻ ነው የሚሰጡን?» የሚሉም አሉ። እያንዳንዱ ስቴት ከአንድ አምራች ጋር ውል ገብቶ ትልቅ ቅናሽ ስለሚያገኝ ነው። በ2022 አንድ ትልቅ ፋብሪካ ሲዘጋ የዊክ እናቶች ቀድመው የተቸገሩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ያን ጊዜ መንግሥት ሌላ ብራንድ እንዲወሰድ ለመፍቀድ ተገዷል።

ሐላሉን በተመለከተ አብዛኛው ዕቃ አያሰጋም፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላና ምስር፣ የለውዝ ቅቤ፣ ዳቦ፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ። ጥንቃቄ የሚሹት ጥቂት ናቸው። በወተት ፋንታ እርጎ የሚወስድ ሰው ጄላቲን የሌለበትን ይምረጥ። የአይብ ማርጊያ ኢንዛይም ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ጥቂት ሰው የሚያውቀው ደግሞ ይህ ነው፤ ጡት ብቻ ለሚጠቡ ሕጻናት ከ6 ወር ጀምሮ በብልቃጥ የተፈጨ ሥጋ ይሰጣል። ሥጋው በአብዛኛው ሐላል እርድ አይደለም፤ ከበሬውና ከዶሮው ጎን «ሃም» የሚል ካለ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ነው። ያልፈለጋችሁትን አለማንሳት ትችላላችሁ፤ ሌላው ድርሻችሁ አይነካም።

የሚያስደስተው ደግሞ በ2024ቱ ማሻሻያ የፌዴራሉ የእህል ዝርዝር ውስጥ ጤፍ መግባቱ ነው። የትኛውን እህል እንደሚቀበል የሚመርጠው ግን እያንዳንዱ ስቴት ስለሆነ ወደ መደብር ከመሄዳችሁ በፊት የስቴታችሁን ዝርዝር እዩ። ጤፍ ከሌለበት ለቢሮው ጠይቁ፤ ካልተጠየቀ ማን ያስገባዋል?

በካርዱ ያገኙትን ፎርሙላ መሸጥ ወይም ገቢን ደብቆ ማመልከት በሕግ ያስጠይቃል፤ በዲናችንም አማናን ማጉደል ነው። ይህን ማንሳታችን በማንም ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም።

ለማመልከት በአካባቢያችሁ ወዳለው የዊክ ቢሮ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ ወይም የሜዲኬይድ ካርድ ያዙ፤ ልጁንም ውሰዱ። ቁመትና ክብደት ይለካል፤ የደም ማነስ መኖሩን ለማየት ከጣት ትንሽ ደም ሊወሰድ ይችላል። ከዚያ የሚሰጠው ካርድ እንደ ባንክ ካርድ በምስጢር ቁጥር ይሠራል። በወሩ ያልተጠቀሙበት ወደሚቀጥለው ወር አይተላለፍም። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ እህቶች ስትደውሉ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ የቢሮው ግዴታ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ በከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሰባት ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልጋችሁም።