ነባሩን የኮምፒዩተር ስርዓት መለወጥ ወይስ ማቆየት?

በጤና ተቋማት የሚገኝ ኮምፒዩተር እንደ ቀድሞው የደብዳቤ መጻፊያ ብቻ አይደለም። በካርድ ክፍል የታካሚው መለያ ቁጥር ይፈለግበታል፤ በላቦራቶሪ የምርመራ ውጤት ይመዘገብበታል፤ በፋርማሲ የመድኃኒት ክምችት ይቆጠርበታል፤ በራጅ ክፍልም ምስል ይነበብበታል። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠሩት ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚባለው መሠረታዊ ፕሮግራም ላይ ነው። ይህ መሠረት ሲያረጅ አዲሱን መጫን ይሻላል ወይስ በነባሩ መቀጠል የሚለው ጥያቄ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ እንጂ፣ መዘዙ የሚደርሰው ታካሚው ዘንድ ነው።

ጥያቄውን አጣዳፊ ያደረገው የዊንዶውስ 10 መደበኛ የድጋፍ ዘመን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ማብቃቱ ነው። ድጋፉ አበቃ ማለት ኮምፒዩተሩ ሥራ ያቆማል ማለት አይደለም። የሚቆመው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ የደህንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር አምራቹ ማይክሮሶፍት በነፃ ይልክ የነበረው መጠገኛ ነው። ተቋማት መጠገኛውን በክፍያ እስከ 3 ዓመት ማራዘም እንዲችሉ ተፈቅዷል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ለአንድ ኮምፒዩተር 61 የአሜሪካ ዶላር ሆኖ፣ በየዓመቱ በእጥፍ የሚጨምር ነው።

ከእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተገኘ ትምህርት

መጠገኛ አለማግኘት የሚያስከትለው ጉዳት በግልጽ የታየው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017) ነበር። በዚያን ቀን ዋናክራይ የተባለ፣ ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። በእንግሊዝ ትረስት በመባል ከሚታወቁት 236 የጤና ተቋማት አስተዳደሮች ከ80 ያላነሱት ሥራቸው ተስተጓጎለ፤ ወደ 600 የሚጠጉ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮችም በጥቃቱ ተያዙ። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። በ5 አካባቢዎች ድንገተኛ ሕመምተኞች ራቅ ወዳሉ ሆስፒታሎች ለመሄድ ተገደዱ።

ከዚህ ክስተት የሚገኘው ዋነኛ ትምህርት ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት «አሮጌ ስርዓት ይጠቃል፣ አዲስ ስርዓት ይድናል» የሚል አይደለም። ከተጠቁት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ይሠሩ የነበሩት በዊንዶውስ 7 ሲሆን፣ ይህ ስርዓት በወቅቱ የአምራቹ ድጋፍ አልተቋረጠበትም ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው መጠገኛም ጥቃቱ ከመድረሱ 2 ወር ገደማ ቀደም ብሎ ወጥቷል። ጉድለቱ መጠገኛው ሳይጫን መቅረቱ ነበር። ክትባቱ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ሕፃኑ ሳይከተብ እንደሚቀር ማለት ነው። እንግዲህ መመዘኛው የስርዓቱ ዕድሜ ሳይሆን መጠገኛ ማግኘቱና መጠገኛውም በጊዜው መጫኑ ነው።

በለውጡ የሚገጥሙ ችግሮች

ወደ አዲስ ስርዓት መሸጋገርም የራሱ ጉዳት አለው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አይቀበልም። በመሆኑም ከእ.ኤ.አ. 2017 በፊት የተሠሩ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው መስፈርቱን አያሟሉም። መስፈርቱን በዘዴ አልፎ መጫን ቢቻልም፣ እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ወደፊት መጠገኛ ስለማግኘቱ አምራቹ ዋስትና አይሰጥም።

ሁለተኛው ችግር የሕክምና መሣሪያዎችን ይመለከታል። ከላቦራቶሪ ማሽን ወይም ከአልትራሳውንድ ጋር የተያያዘ ኮምፒዩተር የመሣሪያው አካል ተደርጎ መታየት ይኖርበታል። የመሣሪያው አምራች ሳይፈቅድ ስርዓቱን መለወጥ ማሽኑን ከሥራ ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህም ሌላ በመሣሪያዎች ውስጥ የሚጫኑ አንዳንድ ልዩ የዊንዶውስ 10 ዓይነቶች የድጋፍ ዘመናቸው ረዘም ያለ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ እስከ እ.ኤ.አ. 2032 ጃንዋሪ ይዘልቃል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ መወሰን አይገባም።

ሦስተኛው በአማርኛ የተጻፉ ሰነዶችን ይመለከታል። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሪፖርቶችና የሕሙማን መዝገቦች፣ የተጻፉበት የፊደል ቅርጽ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ የማይነበቡ ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። እነዚህን ከለውጡ በፊት ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ ወይም ማተም ያስፈልጋል።

ውሳኔው እንዴት ይሰጥ?

አንድ ተቋም ሁሉንም ኮምፒዩተሮች በአንድ ውሳኔ ከማስተናገድ ይልቅ እያንዳንዱን በሚከተሉት ጥያቄዎች ቢመዝን ይመረጣል።

1. ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ወይም ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ጋር ይገናኛልን? የሚገናኝና መጠገኛ የማያገኝ ከሆነ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። የማይገናኝ ከሆነም በፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ እንዳለ መዘንጋት የለበትም።
2. የታካሚ መረጃ ይዟልን? ቢቆለፍ ወይም ቢጠፋ የትኛው አገልግሎት ይቋረጣል?
3. የአዲሱን ስርዓት መስፈርት ያሟላልን? የሚሠራባቸው ፕሮግራሞችስ በአዲሱ ላይ ይሠራሉን?
4. ከሕክምና መሣሪያ ጋር የተያያዘ ከሆነ አምራቹ ምን ይላል?

መለወጥ የማይቻለውን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት መለየት፣ ለአንድ ሥራ ብቻ መመደብና ፍላሽ የሚሰካበትን ሁኔታ መቆጣጠር ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስወግደውም። ለለውጥ የተመረጠው ደግሞ አስቀድሞ የመረጃው ቅጂ በሌላ ስፍራ ሊቀመጥለት፣ ቅጂውም በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ ሊፈተሽ ያስፈልጋል። ለውጡ በአንድ ኮምፒዩተር ተሞክሮ፣ የታካሚ ብዛት በሚቀንስበት ሰዓት ቢከናወንና የወረቀት ቅጾች በእጅ ቢዘጋጁ መልካም ነው።

የጤና ባለሙያው በዚህ ሥራ ተመልካች ሊሆን አይገባውም። ኮምፒዩተሩ ቢቆም የትኛው ታካሚ እንደሚጎዳ፣ የትኛው የምርመራ ውጤት መዘግየት እንደማይችል የሚያውቀው እሱ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያው ስለ ማሽኑ፣ የጤና ባለሙያው ስለ ታካሚው የሚያውቁት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲገናኝ፣ መለወጥም ሆነ ማቆየት በጥናት የተደገፈ ውሳኔ ይሆናል።