ታይሚንግ ቺንጋ ከነባልደረቦቹ

በአዊ ዞን ግምጃ ቤት ከተማ የመኪናው ሞተር ፊቱ ተፈትቶ፣ አሮጌው ታይሚንግ ቺንጋ ከወጣ በኋላ መካኒኩ «አንድ ኩሽኔታ ጎድሏል» ካለ መኪናው እዚያው ማደሩ ነው። የጎደለው ዕቃ እንጅባራ ከተገኘ ሥራው በማግስቱ ያልቃል። እንጅባራ ከታጣ ባሕር ዳር ይደወላል፤ ባሕር ዳርም ከሌለ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ በአውቶቡስ ጭኖ የሚልክ ሰው ይለመናል። ከአዲስ አበባ እንጅባራ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከመለዋወጫ ገበያ በዚህን ያህል ለሚርቅ ከተማ የታይሚንግ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት፣ ዕቃው በትክክል ሲመረጥ ነው።

መኪናው የወረዳው አምቡላንስ ሊሆን ይችላል። በገጠር ወረዳዎች ወላድና ሕመምተኛ የሚያመላልሱት አምቡላንሶች አብዛኞቹ ጠንካራው ላንድክሩዘር ናቸው፤ ብዙዎቹም 1ኤችዜድ የተባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዘዋል። ይህ ሞተር ዕድሜው ረጅም፣ ጥገናው ቀላል ነው ተብሎ ይወደሳል፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ግን ታይሚንጉ በቺንጋ ነው። ቺንጋ ደግሞ ሞተሩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ቀኑ ሲደርስ መቀየር አለበት።

የቺንጋው ሥራ ማስማማት ነው። ከታች ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ክራንክ ሻፍት አለ፤ ከላይ ቴስታታው ላይ ቫልቮችን የሚከፍት ካም ሻፍት አለ። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ በትክክል አንድ ጊዜ መዞር አለበት። በብዙዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ናፍጣውን እየለካ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ፓምፕም በዚሁ ቺንጋ ይነዳል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ ውስጡ እንዳይለጠጥ የብርጭቆ ክር ተዘርግቶበታል፣ ጥርሶቹ እንዳይበሉ በናይለን ጨርቅ ተለብጠዋል።

ይህ ባለ ጥርስ ቀበቶ መጀመሪያ የተሠራው ለመኪና አልነበረም። በአውሮፓውያኑ 1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረው ለሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ የላይኛው መርፌና የታችኛው ቦቢን ሳይዛነፉ እንዲገናኙ ለማድረግ። በብዛት በተመረተ መኪና ላይ የገባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግላስ 1004 በተባለው የጀርመን መኪና ነው። ከሰንሰለት ይልቅ ጸጥ ያለ፣ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ተስፋፋ። ዘይት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ዘይት ጠላቱ ነው።

ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርሱ ከዘለለ ካሙ ይቆማል ወይም ይዛነፋል፣ ክራንኩ ግን መዞሩን ይቀጥላል። በናፍጣ ሞተር ይህ ከባድ ነው። የ1ኤችዜድ ሞተር አየሩን ከ22 እጅ ወደ አንድ እጅ ስለሚያምቀው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በእሱና በቴስታታው መካከል የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ያኔ ተከፍቶ የቆመ ቫልቭ ካለ ፒስተኑ ይመታዋል፤ ቫልቩ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ካም ሻፍቱ ራሱ ይሰበራል። በጥቂት ዕቃ ያልቅ የነበረው ሥራ ቴስታታ ወደማውረድ ይሸጋገራል።

ወደ ምርጫው እንግባ። መለዋወጫ ሱቅ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ወንድሜ፣ የሃይሉክስ ታይሚንግ ስጠኝ» ይላል። ይህ ጥያቄ ለሻጩ የሚነግረው ነገር ትንሽ ነው። ሃይሉክስ የሚል ስም ይዘው 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል፣ 2ኬዲ እና 1ኬዲ የናፍጣ ሞተር ያላቸው መኪኖች አሉ፤ ሁሉም ቺንጋ አላቸው፣ ግን አንዱ ለሌላው ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም። ከእነሱ በኋላ የመጡት 1ጂዲ እና 2ጂዲ ደግሞ በሰንሰለት የሚሠሩ ናቸው። ዶልፊንም ይባል አባዱላ፣ ሃይ ኤስም እንዲሁ ነው፤ ናፍጣዎቹ 3ኤል፣ 5ኤልና 2ኬዲ ቺንጋ ሲኖራቸው ቤንዚኖቹ 1ቲአርና 2ቲአር ሰንሰለት አላቸው። የድሮው ኮሮላ 2ኢ ወይም 4ኤ ሞተር ቺንጋ አለው፣ ከ2000 በአውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ያለው 1ኤንዜድ ግን የለውም። ስለዚህ የሚጠየቀው የሞተሩ ስም ነው።

ስሙ ሊብሬው ላይ ከተመዘገበው የሞተር ቁጥር መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ቢሆንም ሊብሬውን ብቻ አይመኑ። አገራችን ውስጥ ሞተራቸው የተቀየረ መኪኖች አሉ፤ ቅያሪው ሊብሬው ላይ ያልሰፈረበት ጊዜም ያጋጥማል። ባትሪ ይዞ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብና በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል። ያ ፎቶ ሶማሌ ተራ ላለው ሻጭ ሲላክ ከመቶ ቃል ማብራሪያ ይበልጣል።

ቀጥሎ የዕቃው ቁጥር አለ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አሥር አኃዝ ሲሆን ለሁለት የተከፈለ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፦ ታይሚንግ ቺንጋ በ13568 ይጀምራል፣ ቺንጋውን ከሚያስኬዱት ኩሽኔታዎች አንዱ በ13505፣ ሌላው በ13503። የኋለኞቹ አምስት አኃዞች የየትኛው ሞተር እንደሆነ ይለያሉ። ሁለት ቺንጋዎች ሁለቱም በ13568 ስለጀመሩ ብቻ አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ ከሰረዙ በኋላ ነው ያለው።

አሮጌው ቺንጋ በእጅ ካለ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይነጻጸር። ጥርሱ ይቆጠር፤ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ይለካ፤ የጥርሱም ቅርጽ ይታይ፣ አንዳንዱ አራት ማዕዘን መሰል፣ ሌላው ክብ ነውና። በጥርስ ብዛት እኩል ሆኖ በጥርስ ቅርጽ የሚለይ ቺንጋ በሚዞርበት ፑሌጃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ ግን ጥርሱ በአጭር ጊዜ ተፍቆ ያልቃል። አዲሱን ቺንጋ «ጥንካሬውን ልይ» ብሎ ማጠፍ ወይም መጠምዘዝ ደግሞ ክልክል ነው። ውስጡ ያለው የብርጭቆ ክር ይሰበራል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ታጥፎ በክር ታስሮ የተሰቀለ ቺንጋ ሱቅ ውስጥ ካዩ አይግዙት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ኩሽኔታው ነው። ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር እና አቅጣጫ የሚያስይዘው ሁለተኛው ፑሌጃ ውስጣቸው ኩሽኔታ አለ። ቅባቱ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ የታሸገ ስለሆነ ሊጨመርለት አይችልም። አሮጌውን በጣት አሽከርክሮ «አይጮህም፣ ደህና ነው» ማለት የተለመደ ነው፤ ይህ ልማድ ብዙ ሞተር አጥፍቷል። ጤነኛ ኩሽኔታ በጣት ሲዞር ለስላሳ ሆኖ ትንሽ ይከብዳል፣ ቶሎም ይቆማል። በአንድ ግፊት በፍጥነት ለረጅም ጊዜ የሚዞረው ቅባቱ የደረቀው ነው። አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ መግጠም ጎረምሳ በሬን ከደከመ በሬ ጋር እንደመጥመድ ነው። ቺንጋው ገና 100,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ሲችል ኩሽኔታው በ30,000 ሊነክስ ይችላል፤ ሲነክስ ደግሞ ቺንጋውን ያቃጥለዋል። ገንዘብ ካጠረ ሌላ ቦታ ይቆጠብ፣ ኩሽኔታው ላይ ግን አይቆጠብ።

ቴንሽነሩን የሚገፋው ነገርም አብሮ ይታሰብ። በአንዳንዱ ሞተር ስፕሪንግ ነው፤ የተለጠጠ ስፕሪንግ ቺንጋውን ያላላል። በሌላው በዘይት የሚሠራ ትንሽ ሲሊንደር ነው። ዘንጉ ዙሪያ ዘይት ካንጠባጠበ ወይም በእጅ ብቻ ሲገፋ ከገባ ሞቷል።

ቀጥሎ ኦይል ሲሎቹ አሉ፦ የካሙ የፊት ሲል፣ የክራንኩ የፊት ሲል፣ ፓምፑም በቺንጋው የሚነዳ ከሆነ የእሱ። ርካሽ ዕቃ ናቸው፤ ግን አንዱ ካፈሰሰ ዘይቱ በቀጥታ ጎማው ላይ ይወርዳል፣ ጎማውም ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይላቀቃል። መጠናቸው ፊታቸው ላይ ተጽፏል፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ከመፍታትዎ በፊት ሲሎቹን ሁሉ በእጅዎ ያድርጉ፤ ሲፈታ «ይህኛው ደህና ይመስላል» ቢባል እንኳ ይቀየሩ።

የውሃ ፓምፕን በተመለከተ ሁሉም መካኒክ አንድ ዓይነት ምክር ይሰጣል፦ ከታይሚንግ ጋር አብሮ ይቀየር። ምክሩ ለአንዳንዱ ሞተር ልክ ነው፣ ለሌላው ደግሞ ያለ ምክንያት ወጪ ነው። በመጀመሪያው ራቭ4 ላይ ያለው 3ኤስ የቤንዚን ሞተር የውሃ ፓምፑን በታይሚንግ ቺንጋው ያሽከረክራል። ፓምፑ ከታሰረ ቺንጋው አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ አብሮ መቀየሩ ግድ ነው። በ1ኤችዜድ እና በ3ኤል ግን የውሃ ፓምፑ የሚዞረው ከውጭ ባለው የቬንቲላተር ቺንጋ ነው። ፓምፑ ካላፈሰሰና ካልጮኸ የሚቀየርበት ምክንያት የለም፤ ገንዘቡ ለጥሩ ቴንሽነር ይዋል።

ጥራትን በሚመለከት ሱቅ ላይ የሚሰማው ንግግር «ኦሪጅናል»፣ «ዱባይ»፣ «ቻይና» የሚል ነው። ከዚህ ይልቅ የሠሪውን ስም መጠየቅ ይጠቅማል። የመኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው ቺንጋና ኩሽኔታ አይሠሩም፤ ከሚትሱቦሺ፣ ከባንዶ፣ ከጌትስ፣ ከዴይኮ፣ ከኮንቲኔንታል ቺንጋ፣ ከኤንኤስኬ፣ ከኤንቲኤን፣ ከኮዮ ኩሽኔታ ይገዛሉ። የእነዚህ ሠሪዎች ዕቃ በራሳቸው ካርቶን ሲሸጥ ከመኪናው ፋብሪካ ካርቶን ይረክሳል፤ እምነቴን የምጥለው በእነሱ ላይ ነው። ችግሩ ስማቸው የሚሰረቅ መሆኑ ነው። ፎርጅድ ቺንጋ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ በጣት ሲታሽ የሚለቅ፣ የጥርሱ ጠርዝ ያልተስተካከለ ይሆናል። ያገለገለ በር፣ መስተዋት፣ ካምቢዮ እንኳ ሶማሌ ተራ ላይ ተመርጦ ሊገዛ ይችላል፤ ያገለገለ ቺንጋና ኩሽኔታ ግን በነጻም ቢሰጥ አይወሰድ።

መቼ ይቀየር ለሚለው በድሮዎቹ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አለች፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ይህች መብራት ቺንጋውን አታየውም፣ ኪሎ ሜትር ብቻ ትቆጥራለች። ቺንጋው ሳይቀየር መብራቷን ማጥፋት ይቻላል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የቀደመውን ቅያሪ ማስረጃ ካላገኘ ቺንጋው እንዳለቀ ይቁጠረው።

ኪሎ ሜትሩም ቢሆን ለእኛ መንገድ ሙሉ መለኪያ አይደለም። ቺንጋው የሚያልቀው በሞተሩ ዙር ነው። በአስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድና ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ የሚዞር መኪና ለአንድ ኪሎ ሜትር 1,800 ዙር ያደርጋል። ያው መኪና በሁለተኛ ማርሽ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በ2,000 ዙር የቀበሌ ዳገት ሲወጣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 6,000 ዙር ያስፈልገዋል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። ግምጃ ቤት ባለችበት በአንከሻ ወረዳ ገጠር የሚመላለስ አምቡላንስ ወይም ሚኒባስ 100,000ን መጠበቅ የለበትም፤ 70,000 ላይ ቢቀየር ብልህነት ነው። መኪናው ብዙ ባይሄድም ጎማ በዕድሜ ይደርቃልና ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ ይቀየር።

አዊ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ክረምቱ ነው። ዝናቡ ብዙ፣ ጭቃው ጥልቅ ነው። ቺንጋውን የሚሸፍነው ክዳን ጠርዙ ላይ ቀጭን ጎማ አለው፤ በተፈታ ቁጥር ያ ጎማ ተቀዶ ይጣላል፣ ክዳኑም ያለሱ ይገጠማል። ከዚያ ወዲያ ጭቃና ጠጠር በዚያው ይገባል፣ በፑሌጃውና በቺንጋው ጥርስ መካከል ይፈጫል። የክዳኑ ጎማ ከሚገዙት ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ዛሬ ከትናንት የበለጠ ተፈላጊ ሆኗል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና ታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ ግን ከእንጅባራ አስፋልት ወጥተው የገጠር ቀበሌዎችን የሚያገለግሉት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት እነዚሁ ናፍጣዎች ናቸው። አንዱ ሞተር ሲጠፋ በቀላሉ የሚተካው አይኖርም።

ዕቃው ሁሉ ተሟልቶ፣ ምልክቶቹ ገጥመው፣ ቺንጋው ከተወጠረ በኋላ መካኒኩ በቁልፍ ክራንኩን በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙረው፣ ምልክቶቹም እንደገና ይታዩ። ሁለት ዙር የሆነበት ምክንያት ካሙ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው ያኔ ስለሆነ ነው። በመዞሩ መካከል የሚከለክል ነገር ከተሰማው ቫልቭ ነክቷልና ይቁም፤ ሞተሩን በመኪናው ቁልፍ አስነስቶ መሞከር አይገባም። ሥራው ልክ ከሆነ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የቺንጋውና የኩሽኔታዎቹ ሠሪ ስምና ቁጥር በሁለት ወረቀት ተጽፎ አንዱ ክዳኑ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ፤ መኪናው ቢሸጥ ወረቀቱም አብሮ ይሂድ።