ወረቀትም ስም ያስፈልገዋል

በሐዋሳ ፒያሳ ሲያልፉ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈትና ስካን የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሱቅ አያጡም። ምናልባትም ዲፕሎማዎን ይዘው ገብተው፣ መስታወቱ ላይ ተኝቶ ብርሃን ካለፈበት በኋላ በፍላሽ ተቀብለው ወጥተው ይሆናል። ለአንድ ወረቀት ነገሩ ከዚህ አያልፍም። የአንድ ነጋዴ የ20 ዓመት ፋይል በጆንያ ተጭኖ የመጣ እንደ ሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው።

በመጀመሪያ አቧራው ይራገፋል፤ ስፒሉና አግራፉ ይነቀላል፤ የተጨማደደው ይቃናል። ከዚያ በኋላ ስካነሩ ያነሣዋል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የተነሣ የኤ4 ገጽ ከ8 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች ሲይዝ፣ ይህም ለተራ ጽሑፍ ይበቃል። ማንሣቱ ቀላሉ ነው፤ የሚያደክመው ለእያንዳንዱ ምስል ስም መስጠት ነው።

ለዚህ ከራሳችን አገር ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ በ1994 ሲቆም፣ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተው ነበር። የፊልሙ ቅጅ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። በዚያም ዊሊያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ በውስጣቸው ያለውን ለይተው መዘገቡ። ከዓመታት ድካም በኋላ የታተመው ካታሎግ በ10 ቅጽ የያዘው 5,000ውን ነው። ካሜራው ሊቃውንቱን ጥሏቸው ሄዶ ነበር ማለት ነው።

ወደ ፒያሳው ሱቅ እንመለስ። ሠራተኛው ምስሎቹን ኮምፒዩተሩ በሰጣቸው ተራ ቁጥር ብቻ ያስረከብዎ እንደ ሆነ፣ ጆንያውን በፍላሽ ለወጡ እንጂ ምንም አላተረፉም። በስም ይፈለግ ቢባልም ፊደላችን የራሱ ጣጣ አለው፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሀይሉ» ብለው ቢፈልጉት ኮምፒዩተሩ ሰውየውን አላውቀውም ሊልዎ ይችላል። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈ እንደ ሆነ፣ የ2008 ውል በ2016 ውሎች መካከል ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ሥራውን ከመስጠትዎ አስቀድመው አንድ አጻጻፍና አንድ አቆጣጠር ይወስኑ። የፋይል ቁጥር ቢጨመርበት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቁጥር ሞክሼ ፊደል የለበትም።

በጆንያው ውስጥ የሠራተኞች ደመወዝ ወይም የሐኪም ወረቀት ካለ፣ በሱቁ ኮምፒዩተር ቅጅ እንዳይቀር አጠገቡ ቆመው ያስጠፉ። ያ የሌላ ሰው ገመና ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1321 ተደንግጓል። ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ዋናውንም ወረቀት፣ ምስሉ አማረ ብለው ለቆሎ መጠቅለያ አይስጡ።

ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ እጅዎን ወደ ጆንያው ይስደዱና ያገኙትን ሦስት ወረቀት ያውጡ። ሠራተኛው እነዚያኑ ከኮምፒዩተሩ ፈልጎ እስኪያሳይዎ ድረስ ቦርሳዎን አይክፈቱ።